መሬት፦ ከሊቃውንት ሐሳብ እስከ ጉና ተዳፋት

ለደቡብ ጎንደር አርሶ አደር መሬት የዕለት እንጀራውም የዘር ሐረጉም ነው። በቀድሞው የርስት ሥርዓት ማንኛውም ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ከዋናው አባት መወለዱን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ጉልት ደግሞ ከዚያው መሬት ግብር የመቀበል መብት በመሆኑ ባለርስቱ ያመረተውን ባለጉልቱ ይካፈለው ነበር። ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት ዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) ከካህናት ጋር ከተጣሉባቸው ምክንያቶች አንዱ ከቤተ ክርስቲያን መሬት ትርፍ ያሉትን ለገባሩ ለመስጠት መነሳታቸው ነው።

መሬት በአውሮፓም ሊቃውንትን አከራክሯል። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኬኔ እ.ኤ.አ. በ1758 ባወጣው ሥራው አዲስ ሀብት የሚገኘው ከእርሻ ብቻ እንደሆነ አስተማረ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሪካርዶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1817 የመሬት ኪራይ ከለምነት ልዩነት እንደሚመነጭ አስረዳ፤ የአፈርን ተፈጥሯዊ ኃይል ግን የማይጠፋ አድርጎ ቆጠረው።

ከኢትዮጵያውያን መካከል ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሀብት ምንጭ የሰው ሥራ መሆኑን፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ግን ብዙ ደክሞ ጥቂት እንደሚያገኝ አስገንዝበዋል።

ከዚያ ወዲህ ጎልቶ የተሰማው ጥያቄ «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ነበር። ተማሪዎች በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። በ1990ዎቹ በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መታደል ጀመረ።

ደብተሩ ድንበርን ያስከብራል፤ አፈርን ግን አያቆይም። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነስተው በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፉ ከተዳፋቱ የጠረገውን አፈር ይዘው ይወርዳሉ። ሪካርዶ የማይጠፋ ያለው ኃይል በጉና ሥር በየዓመቱ ሲጠፋ የሚያየው አርሶ አደሩ ነው። የላይኛው ማሳ እርከን ካልተሠራለት የታችኛው ባለማሳ ድካም በአንድ ዝናብ ይወሰዳል። ጎርፍ የማንንም ደብተር አይጠይቅም።

ስለዚህ ነጋድራስ ያሳሰቡት ዕውቀት ዛሬ በዚህ አካባቢ ከአፈር ጥበቃ ይጀምራል። ይህም ጎረቤት ከጎረቤት ካልተባበረ የማይሞላ ሥራ ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በማዳበሪያና በምርጥ ዘር አቅርቦት ያሰባሰቡት ገበሬ በእርከን ሥራም ከተሰባሰበ፣ ለልጅ የሚተላለፈው ከደብተሩ ጋር አፈሩም ጭምር ይሆናል።