የፊት ሸራን ከወለል ሆኖ መጠቅለል



በአሽዶድና በአሽቀሎን የጀልባ ማቆሚያ ስታልፉ፣ በጀልባዎቹ ፊት ባለው ሽቦ ላይ እንደ ክር በእንዝርት የተጠቀለለ ሸራ ሳታዩ አትቀሩም። ጣናን በታንኳ ሲሻገሩ አይተን ላደግነው ነገሩ ባዕድ ነው፤ ታሪኩ ግን የሠራተኛ ሕይወት ታሪክ ስለሆነ ልናወጋችሁ ወደድን።

ቀድሞ ነፋስ ሲበረታ ሸራ የሚቀነሰው በእጅ ነበር። መርከበኞች ምሰሶ ላይ ወጥተው፣ ወይም ከመርከቡ አፍንጫ ወደ ባሕሩ በተዘረጋው እንጨት ላይ ተንጠላጥለው ያስሩታል። ብዙዎች በማዕበል ተወስደዋል። እንግሊዞች ያንን እንጨት «መበለት አድራጊ» ይሉት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1850 ኩኒንግሃም የተባለ እንግሊዛዊ የመርከብን ላይኛ ሸራ ከወለል ሆኖ መቀነስ የሚያስችል ዘዴ አስመዘገበ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ዊከም ማርቲን ለትንንሽ ጀልባዎች የፊት ሸራ መጠቅለያ ሠራ። የእርሱ መሣሪያ ግን ወይ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ይጠቀልላል፤ በከፊል መቀነስ የመጣው ኋላ ነው።

በዛሬው መሣሪያ ከሽቦው ግርጌ ማጠንጠኛ አለ። ሸራው ሲዘረጋ ገመዱ በእርሱ ላይ ይጠመጠማል፤ ገመዱ ሲጎተት ሽቦውን የለበሰው የአሉሚኒየም ቱቦ ይዞርና ሸራው ይጠቀለላል።

የሚተክለው ሰው ይበልጥ የሚጠነቀቀው ለላይኛው ጫፍ ነው። ሸራውን የሚሰቅለው ገመድ ወደ ምሰሶው ትንሽ ዘንበል ካላለ አብሮ ከሽቦው ጋር ይጠመጠማል። ያን ጊዜ በጉልበት ቢጎትቱት ሽቦው ሊበጠስ፣ ምሰሶውም ሊወድቅ ይችላል። በማጠንጠኛው ላይም ጥቂት ዙር ትርፍ ገመድ ይተዋል፤ በኃይለኛ ነፋስ ሸራው ጠብቆ ስለሚጠቀለል ተጨማሪ ዙር ይፈልጋልና።