ስለ ዳግማዊ ምኒልክ የሚጻፉ መጣጥፎች ተዓማኒነት

የመጣጥፍ ተዓማኒነት በመዝገበ ዕውቀት ገጽ ላይ የሰፈረ ቃል ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል የሚገልጽ ነው። ማንም ሊያርመው የሚችል ገጽ የሚመዘነው በርዝመቱ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ አባባል ከየት እንደመጣ ሊጣራ በመቻሉ ነው። ብዙ የተጻፈለትና ዛሬም የሚያከራክረው የዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ (1836–1906 ዓ.ም.) ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

ዘመን አቆጣጠር

በብዛት የሚታየው ስህተት የቀን አቀያየር ነው። የኢትዮጵያና የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መገባደጃ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. (ማርች 1 ቀን 1896 እ.ኤ.አ.) ሲሆን ልዩነቱ 8 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉበት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ግን ዲሴምበር 12 ቀን 1913 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ልዩነቱ 7 ነው። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ጸሐፊ ሁለተኛውን ይስታል።

የነገሡበት ዓመት

ሦስት ገጾች ሦስት ዓመት ቢጽፉ ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን ያዙ፤ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሞቱ በኋላ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ፤ ዘውድ የጫኑት ደግሞ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ነው። ስህተቱ የትኛው ንግሥና እንደተቆጠረ አለመግለጽ ነው።

የምንጮቹ ወገን

ዋናውን ዜና መዋዕል የጻፉት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን ነበሩ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1901 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ውዳሴ ይበዛበታል፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ግን ይህን መጽሐፍም አገዛዙንም ተችተዋል። በ1887 ዓ.ም. ወደ ወላይታ የተደረገውን ዘመቻ ደግሞ አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊ ቫንደርሄይም ያየውን ጽፎ አሳትሟል። በቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ብቻ የሚደገፍ ገጽ የድሉን ዜና ሲይዝ የተሸናፊውን ሕዝብ ጉዳት ያስቀራል።

የቋንቋ ልዩነት

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ እንደሚችሉ ይላል፤ የጣልያንኛው ቅጂ ግን ያስገድዳቸዋል። ኢጣሊያ በዚህ ላይ ተመሥርታ ኢትዮጵያ ጥገኛዋ እንደሆነች ለአውሮፓ መንግሥታት አሳወቀች፤ ጸቡም ዓድዋ ላይ ደረሰ። ስለ ውሉ የሚጽፍ ገጽ የትኛውን ቅጂ እንደተከተለ ካልገለጸ አንባቢን ያሳስታል።

አመዛዘን

አንባቢ አባባሉን ከተጠቀሰው መጽሐፍ ጋር ማስተያየት፣ የገጹን የለውጥ መዝገብና የውይይት ገጽ ማየት ይችላል። የሁለት ቋንቋ ገጾች መስማማት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አንዱ ከሌላው የተተረጎመ ከሆነ ምንጩ አንድ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የዓድዋ ቀን ትክክል ሆኖ ሳለ ስለ ደቡብ ዘመቻዎች የሰፈረው ያለ ምንጭ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የሚታመነው ወይም የሚጣለው ገጹ በጅምላ ሳይሆን አባባሉ በየራሱ ነው።