ግብር የሚበላው ዘንዶ

ዘንዶ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነው፤ ነጩ ፈረስ፣ ጦሩ፣ ከሥር የሚጠማዘዘው አውሬ። እዚህ ቂሊንጦ የምሳፈርባቸው ታክሲዎች ላይ ሳይቀር ተለጥፎ አየዋለሁ። ከሱ ጎን ግን ሦስት ሌሎች ዘንዶዎችን ላስቀምጥላችሁ፤ የባቢሎንን፣ የፋርስንና የእኛውን አርዌን። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ዘንዶ የሚሞተው በምንድነው?

ባቢሎኖች «ኤኑማ ኤሊሽ» የሚባል፣ በሰባት የሸክላ ጽላት ላይ የተጻፈ የፍጥረት ታሪክ ነበራቸው። ቲያማት የጨው ውሃ ባሕር ናት፤ የአማልክት እናት። በኋላ ልጆቿን ልታጠፋ ትነሳለች፤ ለጦርነቱም በደም ፋንታ መርዝ የሞላባቸው እባቦች ትወልዳለች። ማርዱክ የሚባለው አምላክ ነፋስ ወደ አፏ ነድቶ ሆዷን ይነፋና በቀስት ይወጋታል። ከዚያ እንደ ደረቀ ዓሣ ለሁለት ሰንጥቆ ከግማሿ ሰማይን ይሠራል። ጤግሮስና ኤፍራጥስ ከዓይኖቿ ይፈልቃሉ። እዚህ ገዳዩ አምላክ ነው፤ የሰው ልጅ ገና አልተፈጠረም።

ፋርሶች ዘንድ ስንሄድ ዘንዶው ዙፋን ላይ ወጥቷል። በጥንቱ «አቬስታ» አዢ ዳሃካ ሦስት ራስና ስድስት ዓይን ያለው አውሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1010 ገደማ ፊርዶውሲ በጨረሰው «ሻህናሜ» ውስጥ ደግሞ ዛሃክ የሚባል ንጉሥ ሆኗል። ከሁለት ትከሻዎቹ እባቦች በቅለውበታል፤ በየቀኑ የሁለት ወጣቶች አንጎል ይቀለባሉ። ይህ ለ1,000 ዓመት ይቀጥላል። የሚያምፀው ካቬ የተባለ፣ ከ18 ልጆቹ 17ቱን የተነጠቀ ብረት ቀጥቃጭ ነው። የቆዳ ሽርጡን ጦር ላይ ሰቅሎ ሕዝቡን ያስነሳል፤ ሽርጡም የነገሥታት ባንዲራ ይሆናል። እኛ «ቡዳ» እያልን የሸሸነው ሙያ እዚያ ባንዲራ ወጥቶታል! መጨረሻ ላይ ፈሪዱን ዛሃክን አይገድለውም፤ ደማቫንድ ተራራ ውስጥ በሰንሰለት ያስረዋል። ሰፈሬን ስጠራ ሁሉም ሰው የሚያስበው ማረሚያ ቤቱን ስለሆነ ይቺ ፍጻሜ ለእኔ አዲስ አይደለችም።

አርዌ የዛሃክ ዘመድ ነው የሚመስለው። በነገሥታት ዝርዝሮቻችን መጀመሪያ ላይ የሚቀመጥ፣ 400 ዓመት ገዛ የሚባል እባብ ነው። ከብትና ልጃገረድ ይገበርለታል። አንጋቦ የሚባል ሰው ይመጣና «ብገድልላችሁ ምን ትሰጡኛላችሁ?» ይላል። «እናነግሥሃለን» ይሉታል። መርዝ የበላች ፍየል ያቀርብለታል፤ አርዌ ውጦ ይሞታል። የንግሥት ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች የሚያሳየው የአገራችን ሥዕልም የሚጀምረው ከዚሁ እባብ ነው፤ በትውፊቱ ማክዳ የአንጋቦ ልጅ ናትና።

በመጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ያለው ተረፈ ዳንኤልም አንድ የባቢሎን ዘንዶ አለው። ዘመኑ የፋርሱ ቂሮስ ነው። ዳንኤል «ያለ ሰይፍና ያለ ዱላ እገድለዋለሁ» ብሎ ዝፍት፣ ስብና ፀጉር አብስሎ ያጎርሰዋል፤ ዘንዶው ይፈነዳል። አስቡት፤ ባቢሎን ውስጥ ዘንዶ የማርዱክ ቅዱስ እንስሳ ነበር፤ ናቡከደነፆር ባሠራው የኢሽታር በር ላይ ዛሬም ይታያል፤ በሩ ያለው በርሊን ሙዚየም ነው።

ኮድ ስጽፍ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ የዳንኤልና የአንጋቦ ዘዴ ደስ ይለኛል። ሲስተሙን በጉልበት አልሰበሩም፤ ሳያጣራ በሚቀበለው ግብዓት ገቡበት። አርዌን በዙፋኑ ያቆየው ጥርሱ ብቻ አልነበረም፤ በየጊዜው ሳይዛነፍ የሚደርሰው ግብር ጭምር ነው። የገደለውም ያው ግብር ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን ይከብዳል። አንጋቦ ነግሦስ? ግብሩ ቀረ? አልቀረም፤ ንጉሥም ይገበርለታል። አማርኛ ግን ለአንዷ ቃል ሁለት አቅጣጫ ሰጥቷታል፦ ሕዝብ ለንጉሥ ግብር ይከፍላል፣ ንጉሥም ለሕዝብ ግብር ያበላል። አርዌ የሚያውቀው መብላቱን ብቻ ነበር። በሰውና በአውሬ መካከል ያለውን ልዩነት ተረቱ እዚያ ላይ ያስቀመጠው ይመስለኛል።