ሞተሪኖና ባትሪ፦ በየመብራቱ የሚጠፋ ሞተር ታሪክና የብልሽቱ ፍለጋ

አውቶሞቢል በእጅ በሚዞር ብረት ይነሣ በነበረበት ዘመን ሞተርን ማጥፋት ቀላል፣ ማስነሣት ግን ጉልበትና ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። የካንዴላው እሳት ጊዜውን ቀድሞ ከመጣ ብረቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የአስነሺውን ክንድ ይሰብር ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው በአሜሪካ አገር በዴይተን ከተማ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ እ.ኤ.አ. በ1912 በካዲላክ አውቶሞቢል ላይ ተገጥሞ ለገበያ ቀረበ።

ኬተሪንግ ቀደም ሲል በገንዘብ መመዝገቢያ መኪና ፋብሪካ ሲሠራ አንድ ቁም ነገር ተገንዝቦ ነበር፤ ይኸውም ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ሠርቶ የሚያርፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ያለማቋረጥ ቢሠራ ሊሸከመው ከሚችለው እጅግ የበለጠ ጭነት ለመሸከም የሚችል መሆኑን ነው። ሞተሪኖ ትንሽ ሆኖ ትልቁን ሞተር ለማዞር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የ1912ቱ መሣሪያ በ24 ቮልት ሞተሩን አስነሥቶ፣ ከዚያ በኋላ ራሱ ዲናሞ እየሆነ ባትሪውን በ6 ቮልት ይሞላ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሐሳብ የቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነበር፦ ሞተሪኖ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ባትሪውም በመካከሉ ለመሙላት በቂ ጊዜ ያገኛል።

ይህን መሠረት ያናጋው የነዳጅ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 የተጀመረው የነዳጅ እገዳ ዋጋውን ካናረ ወዲህ፣ በትራፊክ መብራት ሥር ቆሞ በሚኒሞ የሚሠራ ሞተር ቤንዚን በከንቱ እንደሚፈጅ በግልጽ ታየ። ቶዮታ በ1970ዎቹ አጋማሽ በክራውን አውቶሞቢል ላይ፣ ፊያት በ1980ዎቹ በሬጋታ ላይ፣ ቮልስዋገንም በ1990ዎቹ በጎልፍ ላይ ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋና የሚያስነሣ መሣሪያ ሞከሩ። ገዢው ግን ያን ጊዜ አልተቀበለውም፤ መንገድ ላይ የጠፋ ሞተር በአሽከርካሪው ዘንድ የብልሽት ምልክት ነበርና።

ሐሳቡ ሥር የሰደደው በአዲሱ ምዕተ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በሲትሮየን ሲ3 ላይ በቺንጋ የሚዞር አንድ መሣሪያ የሞተሪኖንም የዲናሞንም ሥራ አጣምሮ ወጣ፤ በዚህም የኬተሪንግ የጥንት ሐሳብ ተመልሶ መጣ። በ2007 ደግሞ ቢኤምደብሊው ጠንከር ባለ ሞተሪኖ ይህንኑ አሠራር በብዙ አውቶሞቢሎቹ ላይ አስፋፋ። ባትሪውም አብሮ ተለወጠ፤ አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የሚያዝበት ዓይነት በተራው ባትሪ ቦታ ገባ። በኔጋቲቭ ምሰሶው ላይ የኤሌክትሪክ ጅረትን፣ ቮልቴጅንና ሙቀትን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ተቀመጠ። ኮምፒዩተሩ ይህን ልክ እያነበበ ባትሪው ሞተሩን መልሶ ለማስነሣት የማይበቃ መስሎ ከታየው ሞተሩን አያጠፋም።

ብዙ የጋራዥ ስሕተት የሚነሣውም ከዚህ ነው፤ እንቢታው እንደ ብልሽት ይቆጠራል። ሞተሩ ገና ካልሞቀ፣ የኮፈኑ ማብሪያ ማጥፊያ ኮፈኑ ክፍት ነው ካለ፣ ወይም የአሽከርካሪው ቀበቶ ካልታሠረ መሣሪያው ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ አስተዋይ ባለሙያ ምንም ከመፍታቱ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ላለማጥፋት የሰጠውን ምክንያት ያነባል።

ቀጥሎ ባትሪው ለሰዓታት ካረፈ በኋላ ቮልቴጁ ይለካል፤ የሞላ ከሆነ ወደ 12.8 ቮልት ይጠጋል። ባትሪው ደኅና ሆኖ ሞተሪኖው ከደከመ ፍለጋው ወደ ማሳው ገመድ ይዞራል። ሞተሪኖ 400 አምፔር ሲስብ፣ በዛገ ማሰሪያ ላይ ያለ የኦም ሁለት ሺሕኛ እንቅፋት 0.8 ቮልት ይበላል። ይህ በዓይን አይታይም፤ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ በኔጋቲቭ ምሰሶውና በሞተሩ አካል መካከል ቮልት ሜትር ሲያዝ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

ሦስተኛው ምክንያት የሰው እጅ ነው። በኋላ የተጨመረ ሬዲዮ ወይም መብራት ማሳው በቀጥታ በባትሪው ምሰሶ ላይ ከታሠረ፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ በመለኪያው ውስጥ ስለማያልፍ ኮምፒዩተሩ የተሳሳተ ሂሳብ ይይዛል። ማሳው መታሠር ያለበት በአውቶሞቢሉ አካል ላይ ነው። እንዲሁም በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ባትሪ ተለውጦ ለኮምፒዩተሩ ካልተነገረው፣ አዲሱን ባትሪ እንደ አሮጌው እያየ ይሞላዋል። በልዩው ባትሪ ፈንታ ተራ ባትሪ የተገጠመ እንደሆነ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል፤ ባለቤቱም ርካሽ ያለውን ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ፣ ቀድመው የገቡት ረጅም ዘመን ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። ያለ ምርመራ የተጣለ ባትሪና ያለ ጥፋቱ የተለወጠ ሞተሪኖ ከባለቤቱ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ኬተሪንግ ሞተሪኖን ያሳነሰው የሥራውን ጊዜ በመመርመር ነበር፤ የዛሬው ባለሙያም ዕቃ ከመለወጡ በፊት ኤሌክትሪኩ የሚሄድበትን መንገድ ቢመረምር ከዚያው ጥበብ ተካፋይ ይሆናል።