የደብር ዛፍና የ40 በመቶው ተረት

ስለ አገራችን ደን መመናመን የሚጻፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዐረፍተ ነገር ይነሳል፤ «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶው በደን የተሸፈነ ነበር» ይላል። ቀጥሎም ቁጥሩን ወደ 3 በመቶ ያወርደዋል። ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስንሰማው ስላደግን ማን ለካው ብለን የጠየቅን ጥቂቶች ነን። ለመሆኑ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ገመድ ይዞ ጫካ ለጫካ የዞረ ማን ነበር?

አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት የዚህን አባባል ዱካ ተከታትሎ ነበር። ያገኘው ልኬት ሳይሆን ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው እየተገለበጠ የኖረ ግምት ነው። የሰሜኑ ደጋ በሬና ማረሻ ከለመደ ብዙ ሺህ ዓመት አልፎታል፤ የጥንት ተጓዦችም በዚያ ያዩት ሁሉ ጫካ አልነበረም። ይህ ማለት ግን ደን አልጠፋም ማለት አይደለም። የደቡብ ምዕራቡ ደን በብዛት የተመነጠረው ገና በአባቶቻችንና በእኛ ዕድሜ ነው። ልዩነቱ የጠፋውን በቦታውና በጊዜው ለይቶ ማወቁ ላይ ነው፤ ያልነበረን ደን እንመልስ ማለት ደግሞ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ዛፍ የመትከሉ ነገር እንኳ ከምናስበው ይልቅ ይረዝማል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው የመናገሻ ሱባ የጥድ ደን፣ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 በነገሡት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በትውፊት ይነገራል። ትውፊቱ እውነት ከሆነ የአገር በቀል ዛፍ ተከላችን ዕድሜ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ነው ማለት ነው። ምኒልክ ግን የቸኮለ ችግር ነበረባቸው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋን አንድዳ ጨርሳ፣ ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ይዛወር እስከ መባል ተደርሶ ነበር። ያዳናት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ማገዶውንና ማገሩን ሰጠን፤ ውለታውን መካድ አይገባም። ደኑን ግን አልመለሰም።

አገር በቀሉ ዛፍ በሰሜኑ ደጋ የተረፈው በአብዛኛው በደብርና በገዳም ቅጥር ነው። ደቡብ ጎንደርን ከአውሮፕላን ላይ ቁልቁል ላየ፣ በታረሰው መሬት መካከል እዚህም እዚያም ጥቁር አረንጓዴ ክብ ይታየዋል፤ የእያንዳንዱ ክብ እምብርት ቤተ ክርስቲያን ነው። ብዙዎቹ ከጥቂት ሄክታር አይበልጡም። ጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ይህንኑ ምድር ከአየር ላይ ፎቶግራፍ አንስተውት ነበር። የአሜሪካው የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንን ፎቶግራፍ ከዘመናችን የሳተላይት ምስል ጋር ሲያስተያዩት፣ ክቦቹ በአመዛኙ በቦታቸውና በስፋታቸው እንዳሉ ናቸው። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። ደኑ ደሴት የሆነው ትናንት አይደለም፤ ትናንት የተገፈፈው ካባው ነው።

ታዲያ ስፋቱ ካልቀነሰ ምን ያሳስባል? መልሱ ያለው ከዛፎቹ ሥር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ (በ«እመጓ» መጽሐፉ የሚያውቁት አንባቢዎች የደን ተመራማሪነቱን ላያውቁ ይችላሉ) በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንዱ የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረጉን አገኘ። በነዚያ ቅጥሮች ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። ይህ ደስ ያሰኛል። ከደኑ ወለል አፈር ተወስዶ በውስጡ ምን ዘር እንዳለ ሲታይ ግን የተገኘው ባብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ነበር። የብዙዎቹ ታላላቅ ዛፎች ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ቶሎ ካልበቀለ ይሞታል። ሽማግሌው ጥድ ሲወድቅ በጓዳው ያስቀመጠው ልጅ የለውም።

የበቀለውስ? የበቀለውን ከብት ይበላዋል፣ ይረግጠዋልም። ሰውን ግዝት ይመልሰዋል፤ በደብር ዛፍ ላይ መጥረቢያ የሚያነሣ ብዙ አይገኝም። ላሟ ግን ግዝት አታውቅም። በሙከራው ላይ ጥድ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት በአጥር ተከልለው ከብት እንዳይደርስባቸው ሲደረግ፣ ከተከለከሉት ይልቅ በቅለውና ጸድቀው የተገኙት እነዚህ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ባልታጠረው በኩል ችግኙ ብዙም አልቆየም።

መፍትሔው እንግዲህ አጥር ሆነ፤ አጥሩም ካብ። ዓለማየሁ ማርጋሬት ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የደን ሳይንቲስት ጋር ገንዘብ እያፈላለገ፣ ቀሳውስቱንና ምእመናኑን ሰብስቦ የሳተላይቱን ምስል እያሳየ መከረ። ድንጋዩ ከየት መጣ ቢሉ ከገበሬው ማሳ ነው። ማረሻ ሲሰብር የኖረ ድንጋይ ተለቅሞ ካብ ሲሆን ማሳውም ተጠረገ፤ እኔ በዚህ ሥራ ከሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። በአንዳንድ ደብር ደግሞ ምእመናኑ ካቡን ከደኑ ጠርዝ አርቀው ወደ ውጭ ሠሩት፣ ዛፉ የሚሰፋበት ቦታ እንዲያገኝ።

ካብ ግን ሁሉን አይከለክልም። በብዙ ቅጥር ውስጥ መንገዱ፣ መቃብሩና አዲሱ ሕንፃ ደኑን ከውስጥ ይሸነሽኑታል። ባሕር ዛፉም ገብቷል፤ ለጣራ ቆርቆሮና ለአገልጋዮች ድጎማ ገንዘብ ያስፈልጋል፣ አጠናው ደግሞ ቶሎ ይሸጣል። ከካቡ ውጭ ያለውም ቀላል አይደለም። በ1938ቱ ፎቶግራፍ ላይ ቁጥቋጦ ሆኖ የሚታየው መሬት ዛሬ ባብዛኛው እርሻና ግጦሽ ነው፤ ግብር የሚከፍልበት፣ ልጆች የሚያሳድግበት ባለቤት አለው። ካቡ በሁለት ክንድ ወደ ውጭ ይውጣ ሲባል በመጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው።