የዶክቶርነት ማዕረግና የምርምር ሜዳ
የባዮሎጂው ሊቅ የኧርነስት ኤቨረት ጀስት ታሪክ

በባዮሎጂና ከሕክምና ጋር በተያያዙ ሳይንሶች የዶክቶርነት ማዕረግ ለማግኘት የሚደክም ተማሪ፥ ማዕረጉን የድካሙ ሁሉ መደምደሚያ አድርጎ ማየቱ የተለመደ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ፥ ማዕረግ የአንድን ሰው ችሎታ ቢመሰክርም የሚሠራበትን ቦታ በራሱ እንደማይሰጥ፥ በጥቁር አሜሪካዊው ሊቅ በኧርነስት ኤቨረት ጀስት ሕይወት ለማስረዳት እንሞክራለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጀስት በ1883 ዓ.ም. በደቡብ ካሮላይና፥ በቻርልስተን ከተማ ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተበት ያሳደገችው አስተማሪ የነበረችው እናቱ ናት። ከዳርትመዝ ኮሌጅ በ1907 ዓ.ም. በከፍተኛ ውጤት ተመርቆ፥ ለጥቁሮች ከፍተኛ ትምህርት ለመስጠት በዋሽንግተን በተቋቋመው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። መጀመሪያ የተቀጠረው እንግሊዝኛ ለማስተማር ነበር፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ወደ ባዮሎጂ ተዛወረ፤ በሕክምና ትምህርት ቤቱም ፊዚዮሎጂ አስተማረ።

ለዶክቶርነት ያበቃው ጥናት የተጀመረው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ዉድስ ሆል በተባለው ስፍራ ወደሚገኘው የባሕር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ ሄዶ፥ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነው የፍራንክ ሊሊ ረዳት ሆነ። ሥራቸው ኔሬይስ በሚባል የባሕር ትል እንቁላል ላይ ነበር። ትሉ ለመራባት ወደ ውኃው ገጽ የሚወጣው ጨረቃ በሌለበት የምሽት ጨለማ በመሆኑ፥ ተመራማሪው ፋኖስና መረብ ይዞ ከባሕሩ ዳር ማምሸት ነበረበት።

ጀስት በ1912 ዓ.ም. የመጀመሪያ ጽሑፉን አሳተመ። በጽሑፉም፥ የወንዴው ዘር ወደ እንቁላሉ የገባበት ነጥብ፥ እንቁላሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለት የሚከፈልበትን አቅጣጫ እንደሚወስን አስረዳ። ይኸውም የመከፈያው መስመር ዘሩ ከመግባቱ በፊት በእንቁላሉ ውስጥ ተሠምሮ የቆየ አይደለም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ግኝት በታተመ ጊዜ ጀስት ገና ዶክቶር አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር ከርሞ ለምርምር የሚተርፈው የዕረፍቱ ወራት ብቻ ስለ ነበር፥ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ አንድ ዓመት ፈቃድ አግኝቶ ወደ ቺካጎ ሄደና በሰኔ 1916 ዓ.ም. የዶክቶርነት ማዕረግ ተቀበለ። ከመጀመሪያው የዉድስ ሆል ጉዞ እስከዚህ ቀን ሰባት ዓመት መሆኑ ነው። እንግዲህ ማዕረጉ ሥራውን ተከትሎ መጣ እንጂ፥ ሥራው ማዕረጉን ተከትሎ አልመጣም።

ከዚያስ በኋላ? ከእርሱ ጋር በዉድስ ሆል የሠሩ ነጭ ባልንጀሮቹ በታላላቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ወንበር ሲያገኙ፥ ለጀስት በቀለሙ ምክንያት ይህ በር ተዘጋበት። እርሱም የማስተማሩ ሸክም ወደ በዛበት፥ የምርምር መሣሪያ ወደ ጎደለበት ወደ ሃዋርድ ተመለሰ። ይህም ሆኖ በ1919 ዓ.ም. የአንድ ባሕር እንስሳ እንቁላል አንድ ዘር እንደ ገባበት፥ ገጹ ከመግቢያው ነጥብ ጀምሮ ዙሪያውን በማዕበል መልክ እንደሚለወጥና ሌላ ዘር እንደማይቀበል ገለጸ።

እውነቱን ለመናገር ረዳት ጨርሶ አላጣም። ሊሊ መክሮታል፤ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮም ባለጸጋው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ ለምርምሩ ገንዘብ ሰጥቶታል። ነገር ግን የጊዜ እርዳታ ቋሚ ቦታን አይተካም። ስለዚህ በ1929 ዓ.ም. በኔፕልስ፥ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ በበርሊን ካይዘር ቪልሄልም የባዮሎጂ ተቋም በእንግድነት ሠራ። በአገሩ ያጣውን የሙያ ክብር በባዕድ አገር አገኘ። ሆኖም በ1933 ዓ.ም. ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የጀርመኑ በርም ተዘጋ።

የሕዋስ ገጽ ባዶ ልባስ ሳይሆን የሕይወት ሥራ ተካፋይ መሆኑን የሚያስረዳው ትልቁ መጽሐፉ በ1939 ዓ.ም. ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲወርሩ እዚያው ተይዞ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ፤ ተፈትቶም ወደ አሜሪካ ተመለሰ። በጥቅምት 1941 ዓ.ም. በካንሰር በሽታ በ58 ዓመቱ ሞተ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በስሙ ቴምብር ያወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው።

ይህ ታሪክ የአንድ ሰው የትዕግሥት ምሳሌ ብቻ ተደርጎ ሲነገር፥ በእኛ አስተያየት ግማሹ ይቀራል። አበው «ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው» ይላሉ። ቺካጎ በ1916 ዓ.ም. ለጀስት ፈረሱን ሰጠችው፤ ሜዳውን ግን አገሩ ነፈገችው። ስለዚህ በማንኛውም አገር የዶክቶሮችን ቁጥር የሚቆጥር ሁሉ፥ ከቁጥሩ አጠገብ ላቦራቶሪውን፥ ለምርምር የተመደበውን ጊዜና ያለ አድልዎ የሚሰጠውን የሥራ ቦታ አብሮ ሊቆጥር ይገባዋል እንላለን።