የልደት ምኞት በማን እጅ ይጻፋል?



እ.ኤ.አ. በ1985 በሰሜን እንግሊዝ፣ ቪንዶላንዳ በሚባለው የሮማውያን ምሽግ ፍርስራሽ ውስጥ፣ በቀለም የተጻፈባት ስስ የእንጨት ገበታ ተገኘች። በ100 ዓ.ም. ገደማ ክላውዲያ ሴቬራ የተባለች የጦር አዛዥ ሚስት ለወዳጇ ለሱልፒኪያ ሌፒዲና የላከቻት የልደት ግብዣ ናት። አብዛኛውን ክፍል የጻፈው በሙያው የሠለጠነ ጸሐፊ ነው። ከግርጌው ግን የእጅ ጽሕፈቱ ይለወጣል፤ ሴቬራ ራሷ፣ ብዕር ባልለመደ እጅ፣ ጥቂት የፍቅር ቃላት ጨምራበታለች። በሴት እጅ በላቲን ከተጻፉትና እስካሁን ከሚታወቁት ጽሑፎች ይህ ከቀዳሚዎቹ የሚቆጠር ነው። የልደቷ ዕለት ሴፕቴምበር 11 ነበር። (ከእንቁጣጣሽ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ የእኛ ዘመን መለወጫ መሠረት የሆነው የእስክንድርያ አዲስ ዓመት በዚያን ጊዜ በሮማውያን ቀመር ኦገስት 29 ይውል ነበር።)

የዛሬው ርእሴ በመሥሪያ ቤቶች የቡድን መወያያ ላይ የሠራተኛውን ልደትና የአገልግሎት ዘመን በራሱ ጊዜ የሚያውጀው ቦት ነው። ስላክ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014፣ ቴሌግራም ለቦቶች በሩን የከፈተው በ2015 ስለሆነ ነገሩ የትናንት ይመስላል። እኔ ግን የዘር ሐረጉን ከዚያ የቪንዶላንዳ ጸሐፊ እቆጥራለሁ።

በመካከሉ ያለውን ዘመን ዘልዬ ወደ 1917 እሄዳለሁ። የብሪታንያው ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ መቶ ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የደስታ ቴሌግራም መላክ የጀመሩት በዚያ ዓመት ነው። ዛሬ ይህን የሚያከናውን ራሱን የቻለ ጽሕፈት ቤት በቤተ መንግሥቱ አለ፤ የጡረታ አበል የሚቀበሉትን ባለ መቶ ዓመቶች ስም የሚያሳውቀውም ጡረታ ከፋዩ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ለመልካም ምኞቱ መነሻ የሆነው የጡረታ መዝገብ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

በአገራችን የተራው ሰው ልደት በየዓመቱ የሚከበርበት ልማድ እምብዛም አልነበረም። ሐምሌ 16 ብሔራዊ በዓል የነበረው የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የልደት ቀን ስለሆነ ነው። ይሁንና ማስታወስን ለሥርዓት አሳልፎ መስጠት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የጽዋ ማኅበርን ተመልከቱ። ቀኑን የሚወስነው የጻድቁ ወርኃዊ በዓል ነው፤ ተረኛው ጽዋውን በተቀበለበት ዕለት ታውቋል። ማንም አስታዋሽ አያሻውም። ጠላው ግን በራሱ አይጠመቅም፤ የቀረ አባልም ለምን እንደ ቀረ ይጠየቃል። ቀኑ ለቀመር ተተወ፣ ድካሙ ለሰው ቀረ። የዛሬው ቦት ድካሙንም አብሮ ወስዶታል፤ ቅሬታዬ ይኸው ነው።

ሌላም ችግር አለ፤ ቦቱ የሚያነበው ቀን ከየት መጣ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባን ግዴታ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን፣ ምዝገባው በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን ብዙዎቻችን በግል ማኅደራችን የሰፈረው ቀን ግምት ነው። ቀኑን የማያውቅ ሰው መስከረም 1 ብሎ ይሞላል። ስለዚህ በእንቁጣጣሽ ቦቱ የክፍሉን እኩሌታ በአንድ ትንፋሽ እንኳን ተወለዳችሁ ይላል፤ ያውም ቀኑን ሴፕቴምበር 11 ብሎ ከመዘገበ፣ እንደ 2019 እና እንደ 2023 ባሉት ዓመታት እንቁጣጣሽ በ12 ስለሚውል፣ በጳጉሜን 6 ይላል።

ይህ ያስቃል። የሚከተለው ግን አላሳቀኝም። በማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሰው ነበሩ፤ ቁጥሩን ሳያዩ የማንንም ፋይል ከመደርደሪያው የሚያወጡ። አንድ ጠዋት ቦቱ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ባለበት መወያያ ላይ «እንኳን ለ60ኛ ዓመት ልደትዎ አደረሰዎ» ብሎ ለጠፈ። ሥልሳ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ መውጫ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እናታቸው አንበጣ በወረረበት ዓመት ተወለድህ ይሏቸው ስለነበር በእርሳቸው ስሌት ገና 58 ነበሩ። ቢሆንም የሚጸናው መጀመሪያ ሲቀጠሩ ያስመዘገቡት ዕድሜ ነው። የስንብት ደብዳቤው ገና አልደረሳቸውም፤ ስንብታቸውን የሰሙት ከቦቱ ነው። ከሥሩ የኬክና የፊኛ ምልክት ተደረደረ። ከደርዳሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ቁጥሩን አላነበብኩትም።

የታይፕ ክፍሏ ባልደረባቸው በመወያያው ላይ ምንም አልጻፈችም። ሁለት ስኒ ቡና ይዛ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ እስከ ምሳ ሰዓትም አልተመለሰችም።